ከጋምቤላ አሶሳ፣ በቦሌ በኩል

ካርታ ዘርግቶ ማስመሪያ ለያዘ ሰው ጋምቤላና አሶሳ ጎረቤታሞች ናቸው። አሶሳ ከጋምቤላ በስተሰሜን፣ በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ነች ለማለት በሚያስደፍር አኳኋን ተቀምጣለች። በሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው የአየር ርቀት 210 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለኪው 400 አውሮፕላን፣ መነሣቱና ማረፉ ተደምሮ፣ ከአርባ ደቂቃ እምብዛም የማያልፍ መንገድ።

ቀጥታ በረራ ላላገኘ መንገደኛ ግን ይህ ስሌት አይሠራም። መንገዱ በቦሌ በኩል ነው። ሁለቱም ከተሞች ከአዲስ አበባ እኩል፣ በግምት 475 ኪሎ ሜትር ይርቃሉ። ስለዚህ 210 የነበረው 950 ይሆናል። አርባ ደቂቃውም እያንዳንዳቸው አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል የሚፈጁ ሁለት በረራዎች ይሆናል፤ በመካከሉም መጠበቅ አለ፣ ሲብስም ማደር። "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል" ይላል የአገሬ ሰው። ጎረቤትየው ራሱ ሲርቅስ?

ይህን የምለው አየር መንገድን ለመውቀስ አይደለም። እንጀራዬ ከቁጥር ጋር የተያያዘ የባንክ ሠራተኛ ነኝና ሒሳቡ ይገባኛል። ሃያ ከተሞችን እርስ በርስ በቀጥታ ለማገናኘት 190 መስመሮች ያስፈልጋሉ፤ ሁሉንም ከአንድ ማዕከል ጋር ለማገናኘት ግን 20 ይበቃሉ። ቅርበትንና ርቀትን የሚወስነው መሬቱ ብቻ ሳይሆን ማመላለሻውም ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ከተፈራረሙት ውል በኋላ ጋምቤላ የወንዝ ወደብ ሆና ነበር። ባሮ በክረምት ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ቡናዋን የምትልከው ወደ ካርቱም ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ ሥነ ጽሑፋችንም በዚሁ የበረራ ሰሌዳ መጓዙ ነው። የኮሞ ሕዝብ በሁለቱም ክልሎች ይኖራል። በጋምቤላ አኙዋክኛና ኑዌርኛ፣ በአሶሳ በርትኛ ይነገራል፤ ይተረታል፤ ይዘፈናል። የአሶሳው ገጣሚ ግን የጋምቤላውን አንባቢ የሚያገኘው አዲስ አበባ ታትሞ፣ አዲስ አበባ ተመርቆ፣ አዲስ አበባ ከተወራለት ነው። እዚያ ካልተሳካለት ጎረቤቱ ስሙን ሳይሰማ ይኖራል።

ከአሶሳ ቅርንጫፍ ወደ ጋምቤላ ቅርንጫፍ የሚላክ ገንዘብም በማዕከል በኩል ያልፋል። ነገር ግን ማዕከሉ ብሩን "አንተ ለመተላለፍ ትመጥናለህ፣ አንተ አትመጥንም" አይለውም፤ ያስተላልፈዋል እንጂ። ግጥም ሲሆን ግን ማዕከሉ አስተላላፊ ብቻ አይደለም፤ መራጭም ነው። የሚመርጠውም በራሱ ጆሮ፣ በለመደው ቋንቋና ዜማ ነው። በእኔ እምነት ጉዳቱ ከመንገዱ ርዝመት ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

አውሮፕላን ነዳጅና መንገደኛ ይፈልጋል፤ ግጥም ግን ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። የአሶሳ የንባብ ክበብ ለጋምቤላው ክበብ ሥራዎቹን በቀጥታ ሊልክ ይችላል። የበርታን ተረት ወደ አኙዋክኛ ለመመለስ የሁለቱን ቋንቋዎች አዋቂ ማገናኘት እንጂ የዋና ከተማ ቡራኬ አያሻም። እኛም አዲስ አበባ ተቀምጠን የምናነብ ሰዎች "የአገሪቱ ሥነ ጽሑፍ" ስንል ቦሌ የደረሰውን ብቻ መቁጠራችንን ብንተው መልካም ነው። ያልደረሰን ሁሉ ያልተጻፈ፣ ያልተነገረ አይደለም።