ስመ ጥር ትምህርት ቤትና የወላጆች ምርጫ

በዚህ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ ስንጽፍ መቈየታችን የታወቀ ነው። ዛሬ ደግሞ በብዙ ቤተሰብ ውስጥ ክርክር የሚያስነሣውን አንድ ነገር እናቀርባለን፤ ይኸውም ልጅን ለትምህርት ወደ አሜሪካ ለመስደድ ሲታሰብ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል የሚለው ነው።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ወረታ ሲደርስ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ደብረ ታቦር ይታጠፋል። በዚህች የመንገድ መገናኛ ከተማና በዙሪያዋ ባለው ሜዳ ልጁ በትምህርቱ የበረታለት አባት የሩዝ ማሳውንና ላሞቹን እየተመለከተ «ይህን ሸጬ ልስደደውን?» ብሎ የሚያስብበት ጊዜ ደርሷል። የዩኒቨርሲቲው ስም በአገር የታወቀ እንደ ሆነ ዘመድ ሁሉ እልል ይላል፤ ያልታወቀ እንደ ሆነ ግን «ይህንማ ማን ያውቀዋል?» ተብሎ ይናቃል። ስለዚህ አንድ ቤት ጥሪቱን የሚያወጣው፥ አንድ ልጅም ዕድሜውን የሚሰጠው፥ ብዙ ጊዜ በጆሮ በሰማነው ስም ነው። ነገሩ ከባድ ስለ ሆነ ረጋ ብለን ልንመረምረው ይገባናል።

በእኛ አገር ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ስማቸው በሰው ሁሉ አፍ የሚነገረው ጥቂቶች ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱም አስቀድሞ የሚጠራው ሐርቫርድ ነው። ይህ ዩኒቨርሲቲ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1636 ዓመት ስለ ተመሠረተ አፄ ፋሲል ጎንደርን ከቈረቈሩበት ዘመን ጋራ እኩያ ነው፤ ሀብቱም ከዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ የበለጠ ነው። ስለዚህ ስሙ በከንቱ የወጣ አይደለም። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በቻይና በሻንጋይ ከተማ ያሉ መምህራን የዓለምን ዩኒቨርሲቲዎች በተራ ቍጥር እየደረደሩ ማውጣት ጀመሩ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። የሻንጋዩ ሰንጠረዥ ይበልጡን የሚቈጥረው የኖቤል ሽልማት የተቀበሉትን ሊቃውንትና በታላላቅ የሳይንስ መጽሔቶች የታተሙትን ጽሑፎች ነው። ከፎገራ የሄደ አንድ ተማሪ መምህሩ ምን ያህል ጊዜ እንደሚሰጠው፥ የተማረውም ለአገሩ መሬት የሚስማማ እንደ ሆነ ወይም እንዳልሆነ ግን አይቈጥርም።

አባቶቻችን ስለ ትምህርት ቤት ስም ከእኛ ይልቅ የጠለቀ አስተያየት ነበራቸው። ድጓ ለመማር የሚሻ ደቀ መዝሙር ወደ ቤተልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አባ ይወጣል፤ ቅኔ የሚሻ ዐባይን ተሻግሮ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ይወርዳል። ቤተልሔምና ዙር አባ በዚሁ በደቡብ ጎንደር ምድር የሚገኙ ናቸው። ታዲያ አኩፋዳውን አንግቶ የሚዞረው ተማሪ «ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ቤት የቱ ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ አስቀድሞ የሚማረውን ይወስናል፥ ከዚያም ለዚያ ትምህርት የተመሰከረለትን ጉባኤ ይፈልጋል። በቤተልሔም ያስመሰከረ ሰው በድጓው ይከበራል፤ ስለ ቅኔው ግን ሌላ ምስክር ይጠየቃል። ስም ከትምህርቱና ከመምህሩ ጋራ የተያያዘ እንጂ በግንብ ላይ የተጻፈ አልነበረም። እኛም ስለ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ልንፈርድ የሚገባን በዚሁ ሚዛን ነው እንላለን።

ይህን ፍርድ የሚያጸና ታሪክ በራሳችን አገር አለ። የአሜሪካ መንግሥት በ1854 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ የገበሬውና የሠራተኛው ልጅ እርሻና የእጅ ጥበብ የሚማርባቸው ኮሌጆች እንዲቋቋሙ ለየግዛቱ መሬት ሰጠ። በ1883 ዓ.ም. የተቋቋመው የኦክላሆማ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅም ከእነዚህ አንዱ ነው። ስሙ ከሐርቫርድ ጋራ የሚቈጠር አልነበረም። ነገር ግን የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ዶክተር ሔንሪ ቤኔት ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ስለ እርሻ ትምህርት ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋራ ተነጋገሩ። እርሳቸው በታኅሣሥ 1944 ዓ.ም. በኢራን በአውሮፕላን አደጋ ቢሞቱም ሐሳባቸው ተፈጽሞ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ውሉ ተፈረመ፤ የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅም ተቋቋመ። የኦክላሆማ መምህራን እስከ 1960 ዓ.ም. ድረስ ከእኛ ሰዎች ጋራ ሠሩ። ንጉሠ ነገሥቱም በሰኔ 1946 ዓ.ም. አሜሪካን ሲጐበኙ እስከ ስቲልዎተር ከተማ ድረስ ሄደው ኮሌጁን ተመለከቱ። የደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ጣቢያ በመጀመሪያው ዘመን የተዳደረው በዓለማያ ሥር ነበረ፤ ቁንጮ የሚባለውም ነጭ ጤፍ የወጣው ከዚሁ ጣቢያ ነው። ዓለማያ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ይባላል። በኢትዮጵያ የእርሻ ሊቃውንት ዘንድ የኦክላሆማ ስም ከብዙ ስመ ጥሮች ይልቅ የሚከበረው ስለዚህ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ጃፓኖች በ1868 ዓ.ም. በሆካይዶ የሳፖሮን የእርሻ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ የጠሩት የማሳቹሴትስ የእርሻ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩትን ዊልያም ክላርክን ነው። ሰውየው በዚያ የቈዩት አንድ ዓመት ለማይሞላ ጊዜ ነው፤ ነገር ግን ስማቸው በጃፓን ከትውልድ አገራቸው ይልቅ የታወቀ ሆኖ ቀርቷል፤ ትምህርት ቤቱም ዛሬ የሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ደግሞ የዶክተር መላኩ በያንን ታሪክ እናስታውስ። እኒህ ሰው በአሜሪካ በመጀመሪያ በኦሃዮ ከተማሩ በኋላ የሕክምና ትምህርታቸውን የፈጸሙት በዋሽንግተን በሚገኘው በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሐዋርድ በ1859 ዓ.ም. ከባርነት ነፃ የወጡትን ጥቁር አሜሪካውያን ለማስተማር የተቋቋመ ሲሆን፥ በዚያ ዘመን ነጮቹ ስለ ጥቁሮች ትምህርት ቤት የነበራቸው ግምት ዝቅተኛ ነበር። ነገር ግን ዶክተር መላኩ በዚያ ያገኙት የሕክምና ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ ለኢትዮጵያ የሚቈረቈሩ ወዳጆችንም አገኙ። ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ በሐኪምነት አገለገሉ፤ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተመልሰው በ1929 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አቋቁመው ለአገራቸው እርዳታ ሲያሰባስቡ በ1932 ዓ.ም. ዐረፉ። እንግዲህ ሐዋርድ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ያለውን ክብር የትኛው ሰንጠረዥ ይለካዋል?

አሁን ወደ ፎገራ እንመለስ። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው የሚያለብሱት ይህ ጥቁር ሜዳ ቀድሞ የሚታወቀው በከብቱ ነበር። በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮርያ የመጡ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ ለገበሬዎች ማኅበር የሩዝ ዘር ካስተዋወቁ ወዲህ ግን ሩዙ ከእንጀራው እስከ ጠላው ገባ። ኤክስ ጅግና የተባለውን ዘር ገበሬው የወደደው ያመጣውን አገር ስም አይቶ ሳይሆን ውሃ በተኛበት መሬት ላይ ፍሬ ሲሰጠው አይቶ ነው። ዛሬም በወረታ የሩዝ ምርምርና ማሠልጠኛ ማእከል ተቋቁሟል። እንግዲህ የዚህ አገር ልጅ የሩዝ ሊቅ መሆን ቢሻ ወዴት ይሂድ? ሐርቫርድ የእርሻ ኮሌጅ የለውም። አርካንሳስ ግን ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ አብልጣ ሩዝ የምታበቅል ስለ ሆነች የዩኒቨርሲቲዋ መምህራን ከሩዙ ማሳ አይለዩም፤ የሉዊዚያና ዩኒቨርሲቲና በካሊፎርኒያ የዴቪስ ዩኒቨርሲቲም በዚሁ ሥራ የተመሰከረላቸው ናቸው። በወረታ ገበያ ስማቸውን የሚያውቅ ጥቂት ቢሆንም ለፎገራ መሬት የሚቀርቡት እነርሱ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ወላጆች ሊጠነቀቁበት የሚገባቸውን በአጭሩ እንገልጻለን።

በመጀመሪያ፤ ልጁን ወይም ልጅቱን «ምን ልትማር ትወዳለህ? ምን ልትማሪ ትወጃለሽ?» ብሎ መጠየቅ ከሁሉ ይቀድማል። ይህ ሳይታወቅ የትምህርት ቤት ስም መፈለግ የሚዘራው ሳይታወቅ ማሳ እንደ መከራየት ነው። የሴት ልጅ ጥያቄም ከወንድሟ እኩል ይሰማ።

ሁለተኛ፤ በእኛ አገር ኮሌጅ ከዩኒቨርሲቲ በታች ያለ ስለሚመስል ኮሌጅ የሚል ስም ሲሰማ የሚንቅ ሰው ብዙ ነው። በአሜሪካ ግን እንደ ዳርትመዝና እንደ አምኸርስት ያሉ እጅግ የተከበሩ ትምህርት ቤቶች ኮሌጅ የሚለውን ስም እንደ ያዙ ይኖራሉ።

ሦስተኛ፤ በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲዎችን ደረጃ መርምረው የሚመሰክሩት የታወቁ ማኅበሮች ናቸው። ስማቸውን ከታላላቆቹ ስም ጋራ አመሳስለው፥ ገንዘብ ተቀብለው ዲፕሎማ የሚሸጡ ቤቶች ስላሉ ምስክሩን ሳያዩ አንድ ብርም አይከፈል። ልጁ ሲመለስ የዲፕሎማው አቻነት በአገራችን የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሲጠየቅ የሐሰቱ ነገር መገለጡ አይቀርም፤ ያን ጊዜ የተሸጠው ላም አይመለስም።

አራተኛ፤ ወጪው በማን ነው ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሐርቫርድ፥ ዬልና ፕሪንስተን ከውጭ አገር የሚመጣውን ተማሪ ድኻ ነው ብለው አይመልሱም፤ የተቀበሉትንም እንደ ችግሩ መጠን ይረዱታል፤ ነገር ግን ካመለከቱት ከ100 ሰዎች 5 እንኳ አይቀበሉም። ለዶክትሬት የሚሄድ ተማሪ ግን ስሙ ባልገነነ ዩኒቨርሲቲም ቢሆን መምህራንን እየረዳ ክፍያው ተችሎለት ደመወዝ የሚያገኝበት ዕድል ብዙ ነው። «እኔ ስመ ጥር ቦታ አስገባዋለሁ» ብሎ በቅድሚያ ብር የሚጠይቅ ደላላ ሲመጣ ግን በሩን መዝጋት ይሻላል።

በመጨረሻም ለእናቶችና ለአባቶች አንድ ቃል አለን። ልጃችሁ የተቀበለውን ትምህርት ቤት ጎረቤት ስላላወቀው አታሳፍሩት፤ በባዕድ አገር በብርድና በናፍቆት ለሚማር ልጅ የወላጁ ንቀት ከሁሉ የከበደ ሸክም ነው። ይልቁንም ደብዳቤ ስትጽፉለት ወይም በስልክ ስታነጋግሩት መምህሩ ማን እንደ ሆነ፥ ዛሬም ምን እንደ ተማረ ጠይቁት። በዓለማያ ያስተማሩት ሰዎች ትምህርት ቤታቸውን በኢትዮጵያ ያስከበሩት በሥራቸው ነው፤ የእናንተም ልጅ በተማረው ሠርቶ ሲገኝ ያልታወቀውን የትምህርት ቤቱን ስም ለወረታ ሰው ሁሉ የሚያሳውቀው እርሱ ነው።