የጋራዥ ደረሰኝ ምክንያቱንም ይናገር

ነጋዴ የገዛውን ዕቃ ሳይቈጥር ገንዘብ አይከፍልም፤ ለጋራዥ ሲከፍል ግን የተለወጠውን ዕቃ ዋጋ እንጂ የብልሽቱን ምክንያት አይጠይቅም፡፡ ይህ ልማድ ገንዘብንም ሕይወትንም የሚጎዳ መሆኑን በጸሐፊነት በማገለግልበት የንግድ ቤት ስላየሁት፣ ለአንባብያን ለመግለጽ እወዳለሁ፡፡

አሠሪዬ የሚወዷት አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን አለች፡፡ የዚህ ዓይነቱ አውቶሞቢል ሥራ በ2003 እ.ኤ.አ. በሜክሲኮ አገር እስኪቆም ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል፡፡ የኛይቱ ባለፈው ክረምት ጠዋት ጠዋት አልነሣም አለች፡፡ አንድ ጋራዥ በመጀመሪያ ባትሪ፣ ቀጥሎም ሞተሪኖ ለወጠ፤ ሁለቱንም ደረሰኝ በመዝገብ ያሰፈርሁ እኔ ነኝ፡፡ መኪናይቱ ግን ጠባይዋን አልተወችም፡፡ በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መካኒክ የፑንቲናው ክፍተት መጥበቡን አገኙ፤ ጠርገው ወደ 0.4 ሚሊሜትር ቢመልሱት ወዲያው ተነሣች፡፡

እኒህ ሰው የሚከተሉት ሥርዓት ቀላል ነው፡፡ ሞተሪኖው ሞተሩን በዝግታ የሚያዞር ከሆነ፣ አዲስ ባትሪ ከመግዛት በፊት የባትሪው ማሰሪያዎችና ከሻሲው ጋራ የሚያገናኘው ሽቦ ይጠረጋሉ፡፡ በፍጥነት እያዞረ ካልተነሣ፣ ካንዴላ ተፈትቶ እሳት መስጠቱ ይታያል፡፡ እሳቱ ደኅና ከሆነ ወደ ቤንዚኑና ወደ ካርቡራተሩ ይታለፋል፡፡ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ ስስ ነው፤ ስለዚህ ለቈላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን አብዝቶ ካንዴላውን በጥላሸት ያጠቍረዋል፡፡

ከሁሉ የባሰው ግን በደረሰኝ ላይ ጨርሶ ያልተጻፈው ነበር፡፡ ሾፌራችን በዚያው ክረምት ራሱን እንደሚያመው ይነግረን ነበር፤ እኛም ብርድ ነው አልነው፡፡ ሽማግሌው መካኒክ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ከማርሚታው መጋጠሚያ የትክትክታ ድምፅ ሰሙ፤ በጓርኒሲዮኑ ዙሪያም ጥላሸት አሳዩን፡፡ ቮልስዋገን ውስጧን የምታሞቀው በጭስ መውጫው ቧንቧ ዙሪያ ባለፈ አየር ስለ ሆነ፣ ቧንቧው ዝጎ ከተበሳ ወይም መጋጠሚያው ካፈሰሰ ጭሱ ከሙቀቱ ጋራ ወደ ተሳፋሪው ይገባል፡፡ በጭሱ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይዞ ራስ ያሳምማል፣ ያዞራል፣ ይገድላልም፡፡ እንግዲህ ጭስ የምታፈስ መኪና እስክትጠገን ድረስ ትቁም እንጂ ድምፅዋ እስኪከፋ አትጠበቅ፡፡

ጥፋቱ ግን የጋራዡ ብቻ አይደለም፡፡ እኛ ለምርመራ መክፈል ስለማንወድ፣ መካኒኩ ኑሮው ዕቃ በመለወጥ ሆኗል፡፡ ለመረመረበት ጊዜ ተገቢ ዋጋ ብንከፍለው ከአንድ ባትሪ ዋጋ የሚያንስ ነበር፡፡ እኔም ከእንግዲህ ምን እንደ ታየ፣ ምን እንደ ተገኘና ምን እንደ ተለወጠ ሦስቱን የማይናገር ደረሰኝ ለአሠሪዬ ፊርማ አላቀርብም፡፡ ሌሎችም የንግድ ቤቶች ይህንኑ ቢያደርጉ፣ ገንዘባቸውንም ሾፌራቸውንም ይጠብቃሉ፡፡