ወገኖቼ፣ ለፊርማ አትቸኩሉ!

«እግዜር ያመጣው ነው» ብሎ ዝም ማለት የብዙ ወገናችን ልማድ ነው። እዚህ ኔዘርላንድ ግን መኪና ገጭቶት አካሉ ለዘለቄታው የጎደለ እግረኛ ወይም ብስክሌተኛ ዝም ማለት የለበትም። በ1994ቱ (እ.ኤ.አ.) የትራፊክ ሕግ አንቀጽ 185 መሠረት ባለመኪናው ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ካላስረዳ ኃላፊ ነው። ዴንሃግ ያለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንደበየነው፣ ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንደ ደንቡ ሙሉ ካሣ፣ ትልቅ ሰው የራሱ ጥፋት ቢኖርበት እንኳ ቢያንስ ግማሹን ያገኛል።

እንግዲህ ኢንሹራንሱ «ይህን ተቀበሉና ፈርሙ» ሲል ተጠንቀቁ። ሐኪም «ከዚህ ወዲያ አይሻልም» ሳይል የመጨረሻውን ስምምነት የፈረመ ሰው፣ በኋላ ሥራ ቢያቅተው ብዙውን ጊዜ በሩ ይዘጋበታል። ተገቢውን የጠበቃ ወጪም የሚሸፍነው የገጪው ኢንሹራንስ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ፊርማ ግን አይለቀምም።