የሕዝብ ብዛት ሰብዓዊ ካፒታል አይደለም

«አገራችን ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሰብዓዊ ካፒታል አላት።» እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር በየሪፖርቱ፣ በየስብሰባው መክፈቻ ንግግርና በየጋዜጣው ይገጥመኛል። ጸሐፊው በሕዝቡ መኩራቱን እረዳለሁ፤ መኩራቱም ደግ ነው። አባባሉ ግን ስህተት ነው። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ያለን ሕዝብ ነው። ሰብዓዊ ካፒታል የሚባለው በዚያ ሕዝብ ውስጥ የተከማቸው ዕውቀት፣ ሙያ፣ ልምድና ጤና ነው። መሬት ሰፊ ስለሆነ ብቻ ጎተራ እንደማይሞላ ሁሉ፣ ሕዝብም ብዙ ስለሆነ ብቻ ካፒታሉ ብዙ አይሆንም። እንዲያውም ሁለቱን አንድ አድርገን በጻፍን ቁጥር የጎደለንን ነገር እንደሞላ አድርገን እናቀርባለን። ቃሉ በቦታው እንዲውል አጥብቄ የምከራከረው ለዚህ ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፉ የአንድን አገር ቋሚ ካፒታል ሲዘረዝር ከማሽኑ፣ ከሕንፃውና ከለማው መሬት ጎን የነዋሪውን በትምህርትና በልምምድ የተገኘ ችሎታ አስቀምጧል። ችሎታው ሲገኝ ወጪ ጠይቋል፣ ከተገኘ በኋላ ደግሞ ለባለቤቱም ለአገሩም ይከፍላል። አሜሪካዊው የግብርና ኢኮኖሚ ምሁር ቴዎዶር ሹልዝ እ.ኤ.አ. በ1960 ለአገራቸው የኢኮኖሚ ማኅበር በፕሬዚዳንትነት ባደረጉት ንግግር ይህንኑ ጉዳይ ከዳር ወደ መሀል አመጡት። እንደ እሳቸው ማብራሪያ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፋብሪካቸው የፈራረሰባቸው አገሮች ከተገመተው በላይ ፈጥነው ያገገሙት፣ ቦምቡ ሕንፃውን ቢያፈርስም በሕይወት የተረፈው ሰው ሙያውን ይዞ ስለቆየ ነው። ገማቾቹ የፈረሰውን ቆጥረው የተረፈውን ሳይቆጥሩ ቀርተው ነበር። የኢኮኖሚ ምሁሩ ጌሪ ቤከር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 ለመጽሐፋቸው «ሰብዓዊ ካፒታል» የሚል ስም ሰጡት። ሁለቱም በየጊዜያቸው የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

ቤከር ግን ስሙን ከማውጣታቸው በፊት አመንትተው ነበር። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ቃሉን ሲሰማ ይቆጣ ነበር፤ ሰውን ከማሽን ጋር እኩል ማድረግ ነው እያለ። ቁጣው ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት አልበረደም። በጀርመን የቋንቋ ምሁራን ያሉበት ዳኞች ቡድን ይህንኑ ቃል የእ.ኤ.አ. 2004 መጥፎ ቃል ብሎ መርጦታል። ይህን ተቃውሞ ቀላል አድርጌ አላየውም። ሰው ራሱ የሌላ ሰው ንብረት ሆኖ የተሸጠበትና የተለወጠበት ዘመን ሩቅ አይደለም፤ በእኛም አገር ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ «ድርጅታችን ሁለት መቶ ሰብዓዊ ካፒታል ቀጥሯል» የሚል ማስታወቂያ ሳነብ ተቃዋሚዎቹ ልክ ናቸው እላለሁ። የተቀጠሩት ሠራተኞች ናቸው፤ ሁለት መቶ ሰዎች። ካፒታሉ በእያንዳንዳቸው ውስጥ ያለው ሙያ ነው። ባለቤቱም ራሱ ሠራተኛው ነው፤ አሠሪው ይከራየዋል እንጂ ሊገዛው አይችልም። ቃሉ በትክክል ከተያዘ የሰውን ክብር አይነካም። ክብሩ የሚነካው ሰውየውን ራሱን ካፒታል ብለን ስንጠራው ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልምጣ። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 የሰብዓዊ ካፒታል መለኪያ ማውጣት ጀምሯል። በመለኪያው ውስጥ የሕዝብ ብዛት አይገባም። ሕፃኑ አምስት ዓመት ይሞላዋል ወይ፣ ስንት ዓመት ይማራል፣ በተማረበት ዓመት ምን ያህል ያውቃል፣ ቁመቱ በምግብ እጥረት ቀጭጯል ወይ፣ ካደገ በኋላስ እስከ ስድሳ ዓመቱ ይኖራል ወይ ብሎ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 የኢትዮጵያ ውጤት 0.38 ነበር። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ሙሉ ትምህርትና ሙሉ ጤና ቢያገኝ ሊደርስበት ከሚችለው ምርታማነት የሚደርሰው 38 በመቶው ላይ ነው ማለት ነው። በዚያው ስሌት አንድ ልጅ 18 ዓመት እስኪሞላው 7.8 ዓመት ትምህርት ቤት ይቆያል። የተማረው ነገር ሲመዘን ግን 4.3 ዓመት ሆኖ ይገኛል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ሦስት ዓመት ተኩል ልጁ ደብተር ይዞ የተመላለሰበት፣ ወላጅ የደከመበት፣ መንግሥት ደመወዝ የከፈለበት ጊዜ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ደነገጠ። ድንጋጤው በአሥራ ሁለተኛው ዓመት መጣ እንጂ ጉድለቱ የተጀመረው ከአንደኛ ክፍል፣ ከዚያም በፊት ከእናት ማሕፀን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። የሰቆጣ ቃል ኪዳን በ2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቆም ሲታወጅ በእኔ እምነት ከብዙ ፋብሪካ የሚበልጥ ኢንቨስትመንት ነበር። በዜና ግን እንደ እርዳታ ሥራ ነው የሚነገረው። ገንፎውም ክትባቱም ካፒታል መገንባት ነው።

በሌላ በኩል ቃሉን ከዲግሪ ጋር ብቻ የሚያስሩትም አሉ፤ ይህኛው ስህተት ሰው ይጎዳል። ሽሮ ሜዳ የማውቃቸው አንድ ሸማኔ አሉ። በልጅነታቸው ለአባታቸው ቀሰም ሲያጠነጥኑ ጀምረው፣ ድር ማድራት፣ ከዚያ መወርወሪያ መያዝ፣ በመጨረሻም ጥለት መጣል ተማሩ። በሽመናው ጉድጓድ ውስጥ እግራቸው መርገጫውን ሲቀያይር፣ እጃቸው የጥለቱን ክር በየቀለሙ ሲለቅም፣ ንድፉ የተሣለበት ወረቀት የለም፤ ቆጠራው ሁሉ በአእምሯቸው ነው። በቅጽ ላይ ግን «ያልተማረ የሰው ኃይል» ተብለው ይመዘገባሉ። ያ ሙያ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የፈሰሰበት ካፒታል ነው፤ ወጪውን የሸፈኑት አባታቸውና እሳቸው ናቸው። ባለፈው ሳገኛቸው ጥለቱን እጃቸው እንዳልረሳው፣ ዓይናቸው ግን እየከዳቸው መሆኑን ነገሩኝ። ማሽን ሲያረጅ ሒሳብ ሠራተኛው የእርጅና ቅናሽ ብሎ ይመዘግባል፤ ለእሳቸው ዓይን የሚመዘግብ የለም። አንድ መነጽር ስንት ዓመት ሥራ ሊጨምርላቸው እንደሚችል ማሰብ ነው ቃሉን መረዳት ማለት።

ስደትንም በዚሁ ዓይን እንየው። ነርሷ ወደ ውጭ ስትሄድ «አገር ሰብዓዊ ካፒታል አጣች» ማለት ተገቢ ነው፤ ያስተማራት አገር ነውና። እሷ ግን አላጣችውም፣ ይዛው ሄዳለች። በሄደችበት አገር ፈቃድ አግኝታ በሙያዋ ከሠራች ካፒታሉ ሌላ ቦታ እየሠራ ነው። ሰው ቤት በሠራተኝነት ከገባች ደግሞ እዚህም እዚያም ቦዝኗል። ሦስቱን ለይቶ መጻፍ ሦስት የተለያየ መፍትሔ ያሳያል።

ከሁሉ የሚከብደኝ የጦርነት ዘገባ ነው። «በግጭቱ ከፍተኛ ሰብዓዊ ካፒታል ወድሟል» ተብሎ ሲጻፍ ሬሳ በጨርቅ እንደተሸፈነ ይሰማኛል። የሞቱት ሰዎች ናቸው፤ ሰዎች ሞቱ ብለን እንጻፍ። ቃሉ ቦታ የሚያገኘው ከዚያ ቀጥሎ ነው። በትግራይ ትምህርት ቤቶች መጀመሪያ በኮቪድ፣ ከዚያም በክልሉ በተካሄደው ጦርነት ሦስት ዓመት ገደማ ተዘግተው ቆይተዋል። በሰባት ዓመቷ ፊደል ልትቆጥር የነበረች ልጅ በአሥር ዓመቷ አንደኛ ክፍል ገባች። በእሷ ዕድሜ ካሉት ያልተመለሱም አሉ። ይህን የሰብዓዊ ካፒታል ጉዳት ብሎ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ቃሉን በትክክል ተጠቅሟል። ቀጥሎ ደግሞ በሚዘግብበት ወረዳ ከሦስተኛ ክፍል ስንት ልጅ እንዳልተመለሰ፣ ከነበሩት መምህራን ስንቱ በሥራቸው ላይ እንደሌሉ ጠይቆ ቁጥሩን ከዓረፍተ ነገሩ ጋር ያትምልን።