ገበናን በትኬት

ሰሞኑን በመካከላችን አንድ ሐሳብ ይዘዋወራል። ለያሆዴና ለመሳላ በዓል ወደ ሆሳዕናና ወደ ዱራሜ የሚመጣውን እንግዳ ማታ ማታ በመሪ እያጀብን፣ በየጓሮው የተሰወሩትን የአረቄና የጠላ ቤቶች እናስጐብኘው፤ ክፍያውም ለማኅበራችን ሣጥን ይግባ ይላሉ ባልንጀሮቻችን። ጉባኤው ድምፅ ከመስጠቱ በፊት፣ ለምን እንደምንቃወም በግልጽ መናገር እንወዳለን።

ሐሳቡ ከየት እንደ ተቀዳ አይጠፋንም። በአሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 እ.ኤ.አ. መጠጥ መሸጥ በሕግ ተከልክሎ ነበር። ሰዉ ግን በየምድር ቤቱ በር እያንኳኳ ከመጠጣት አልተገታም። ዛሬ በኒው ዮርክና በቺካጎ እነዚያን ስፍራዎች በመሪ የሚያስጐበኙ አሉ። ክልከላው ከተሻረ ዘጠና ዓመት አልፎታልና እዚያ መሰወር ጨዋታ ሆኗል፤ የሚጐዳበት የለም።

የእኛን አረቄ ቤት የሰወረው ማን ነው? ሕግ አይደለም። ቢራ የሚሸጠው ሆቴል በዋናው መንገድ ዳር መብራቱን አብርቶ ተቀምጧል። የተሰወረው የድኻዋ ቤት ነው። ሚሲዮናውያን በ1920 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሆሳዕና ከመጡ ወዲህ፣ መጠጥ አለመቅመስ የአማኝ መታወቂያ ሆኖ ኖሯል፤ ዛሬም በሀዲያም በከምባታም የሚበዛው ሕዝብ ፕሮቴስታንት ነው። ይህን አንነቅፍም። ስንቱን ቤት ከስካር እንዳዳነ እናውቃለን። ነገር ግን ጠጪው አልጠፋም፤ በጓሮ በር መግባትን ተማረ እንጂ። በሌላው አገር ጠላ የጠመቀች ሴት በእንጨት ጫፍ ጣሳ ደፍታ በደጇ ትተክላለች። እዚህ ግን ምልክቱን የሚደፍረው ጥቂት ነው። ቤቱን የሚያስታውቀው ጭሱ ነው።

ስለ ጭሱም እንናገር። አረቄ የምታወጣ ሴት ጌሾና ብቅል ወቅጣ ትደፈድፋለች፤ ድፍድፉን ቀናት አቆይታ በሸክላ ዕቃ ትጥደዋለች። እንፋሎቱ በሸምበቆ አልፎ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠው ዕቃ ይወርዳል፤ የሚወርደውም ጠብ ጠብ እያለ ነው። እሳቱ ከበረታ ድፍድፉ ያርራል፣ ከላላም አይወርድም። ስለዚህ ከምድጃው አጠገብ አትነሣም፤ ዓይኗ ይቀላል፣ ደረቷ ይታፈናል። ይህን ሥራ ወዳው የያዘችው የለችም ብንል አናጋንንም። ብዙ ጊዜ ባሏ የሞተባት ናት፣ የተፈታች ናት፣ ወይም ባሏ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ድምፁ የጠፋባት። ከዚያው ከደቡብ አፍሪካ በተላከ ገንዘብ የተሠራው ባለመስታወት ፎቅ ከፊት ቆሟል፤ ገንዘብ ያልተላከላት ከፎቁ ጀርባ ትኖራለች። (ፎቁን ለማስጐብኘት መሪ ያሰበ እስካሁን አልሰማንም።)

የዚህችን ሴት ቤት የጋረደው ጨለማ፣ ካላት ጥቂት ንብረት አንዱ ነው። ልጇ ከመዘምራኑ ጋር ትዘምራለች። ጐረቤት እያወቀ እንዳላወቀ ይሆናል። የተከበረው አባወራ ሁለት መለኪያ ቀምሶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ በአጥሩ ቀዳዳ ይወጣል። ግብዝነት ነው? አዎን፣ ነው፤ ግን እርሷ እንጀራዋን የምትበላው በዚህ ይሉኝታ ነው። እንግዲህ ዐሥር ጐብኚ የስልኩን መብራት አብርቶ ቢገባባት፣ ፎቶግራፏም በዚያው ሌሊት በፌስቡክና በቴሌግራም ቢበተን ምን ይሆናል? ጐብኚው በማግሥቱ አዲስ አበባ ነው። ልጅቱ ግን እሑድ ከመዘምራኑ መካከል መቆም አለባት።

«ገቢ ታገኛለች» ይሉናል። ሒሳቡን እናስበው። ጐብኚው የጉብኝቱን ዋጋ የሚከፍለው ለመሪው ነው፤ ከእርሷ የሚገዛው አንድ መለኪያ ነው፣ እርሱንም ቀምሶ ፊቱን ያጨማድድና ያስቀምጠዋል። ማታ ማታ የሚመጣው የቀን ሠራተኛ ደግሞ ካሜራ ሲያይ ከበር ይመለሳል። ሾኔን፣ ዶዮገናን፣ ሺንሺቾን ያህል ከተማማ ሰው ሁሉ ይተዋወቃል፤ አንድ ማታ የተገለጠ ቤት ዳግመኛ አይሸፈንም።

ከመምህራኖቻችንም «ባህል ነው፣ ይታይ» የሚሉ አልጠፉም። ለመሆኑ በጭስ ታፍኖ ማደር ከመቼ ወዲህ ነው ባህል የሆነው? ድኽነትን ባህል ብሎ መሰየም ለተመልካቹ ይመቻል፣ ምንም አያስከፍለውምና።

እንግዳ አይምጣ አላልንም። ባህል ለሚፈልግ ቦርዴ አለለት። ከበቆሎ፣ ከገብስና ከስንዴ ይሠራል፤ ወፍራም ስለ ሆነ የቀን ሠራተኛው እንደ ምሳ ይጠጣዋል፤ ቶሎ ስለሚሆመጥጥም ርቆ አይሸጥም፣ የፈለገው ሰው እዚሁ መጥቶ መጠጣት አለበት። በያሆዴም ከቡላና ከቅቤ የሚሠራው አታካና አለ። እነዚህን በቀን፣ በገበያ፣ ሻጭዋ ዋጋዋን ራሷ ቆርጣ፣ ፊቷንም ራሷ ልታሳይ ፈቅዳ እንግዳው ይቅመስ። መሪም ካስፈለገ ከሻጮቹ ልጆች አንዱ ይሁን፤ ዋጋውንም እርሱ ይቀበል።

ለማኅበሩ ሣጥን ገንዘብ ካነሰ የአባልነት መዋጮው ይጨመር፤ እጃችንን እናወጣለን። የማኅበራችን ማኅተም በማታው ጉብኝት ትኬት ላይ እንዲያርፍ ግን አንፈቅድም።