የመጽሐፍ ቅዱስ ቁጥሮች፦ እንረዳቸው ወይስ እንፍራቸው?

  

በዚህ ወር ስለ ቁጥር እንነጋገራለን። ቁጥር ስል የአስቤዛ ሒሳብ ወይም የትምህርት ቤት ክፍያ ማለቴ አይደለም፤ እርሱስ ሳንጠራው በየወሩ ይመጣል። የምነግራችሁ በቅዱስ መጽሐፋችን ውስጥ ስላሉት ቁጥሮች ነው፤ ስለ ሰባት፣ ስለ አርባ፣ ስለ ስድስት መቶ ስድሳ ስድስት። ርእሱን እኔ አልመረጥኩትም፤ እህቶች መረጡልኝ። በጅማ መንገድ ካለችው ከሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ካለችው ከቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ ካለችው ከሱሉልታ ሦስት ጥያቄዎች ደረሱኝ። ሦስቱም ስለ ቁጥር ናቸው፤ ሦስቱም ቤት የሚያናጉ ናቸው።

የሰበታዋ እናት ጉሊት ይሸጣሉ። ልጃቸው ከዓረብ አገር ገንዘብ ልካላቸው ባንክ ሲሄዱ የፋይዳ መታወቂያ ተጠየቁ። ጎረቤታቸው፦ «ቁጥሩ 666 ነው፤ ከወሰዱት ነፍስዎ ጠፋች» አለቻቸው። ገንዘቡ ባንክ ተቀምጧል፤ የልጅ ልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ አልተከፈለም። የቡራዩዋ እህት ካገባች አራት ዓመቷ ነው፤ ልጅ አልወለደችም። አንድ አገልጋይ በሰባት ቀን ውስጥ 7,777 ብር «ዘር» ብትዘራ ማኅፀኗ እንደሚከፈት ነገራት። ያላቸው ገንዘብ የቤት ኪራይ ብቻ ነው። የሱሉልታዋ እናት ደግሞ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጃቸው፦ «ስምንተኛው ሺህ ገብቷል፣ ዓለም አልቋል፣ ፈተና ለምኔ?» እያለ ደብተሩን ጥሎባቸዋል።

ለሦስቱም መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ መሠረት እናስቀምጥ። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አንዳንድ ቁጥር ቆጠራ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ንግግር ነው። ጳውሎስ በተሳፈረበት መርከብ ላይ 276 ሰዎች ነበሩ (ሐዋ. 27፥37)። ሉቃስ ይህን የጻፈው በመርከቡ ላይ የነበሩት ያን ያህል ስለሆኑ ነው። ከ276 ምሥጢር የሚያወጣ ሰባኪ አላየሁም፤ ደግሞም አያስፈልግም። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ የተኛው ሰው የታመመው 38 ዓመት ነው (ዮሐ. 5፥5)። ይህም ቆጠራ ነው፤ የሥቃዩን ርዝመት ይነግረናል።

በራእይ 5፥6 ግን በጉ ሰባት ቀንዶችና ሰባት ዓይኖች አሉት ይለናል። ጌታችን በሰማይ ሰባት ዓይን አለው ብሎ የሚያምን ከመካከላችን ማን ነው? ሰባት እዚያ ቦታ ላይ ሙላትን ይናገራል፤ ኃይሉም እይታውም ፍጹም ነው ማለት ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ሐዋርያት በእርግጥ አሥራ ሁለት ነበሩ፤ ጌታም አሥራ ሁለት የመረጠው ስለ አሥራ ሁለቱ ነገድ እንድናስብ ነው። ቁጥሩ የተጻፈው በታሪክ ውስጥ ነው ወይስ በራእይ ውስጥ? ይህን መጠየቅ ከብዙ ስሕተት ያድናል።

አሁን ወደ ሰበታ እንሂድ። በራእይ 13፥18 ላይ ያለው ቁጥር ስድስት መቶ ስድሳ ስድስት ነው። ዮሐንስ በጻፈበት በግሪክ ቋንቋ ቁጥር የሚጻፈው በፊደል ነበር፤ ለስድስት መቶ አንድ ፊደል፣ ለስድሳ ሌላ ፊደል፣ ለስድስት ሌላ ፊደል። የእኛም የግዕዝ ቁጥሮች መልካቸውን የወሰዱት ከግሪክ ፊደላት ነው። እስቲ በግዕዝ ቁጥር እንጻፈው፦ ፮፻፷፮። ሦስት ስድስት ጎን ለጎን ተሰልፎ ይታያችኋል? አይታይም። ሦስቱ ስድስት የሚደረደረው ዛሬ በምንጠቀምበት አጻጻፍ ብቻ ነው። እንግዲህ በስልክ ቁጥር፣ በመኪና ታርጋ ወይም በዕቃ መለያ ላይ ሦስት ስድስት ባየን ቁጥር የምንደነግጥ ከሆነ፣ የምንፈራው ዮሐንስ የጻፈውን ሳይሆን የአኃዝ ቅርጽ ነው።

ዮሐንስ ራሱ ቁጥሩ የሰው ቁጥር መሆኑን ይነግረናል። ብዙ የመጽሐፍ ቅዱስ አጥኚዎች በዕብራይስጥ ፊደላት ሲሰላ «ኔሮን ቄሳር» የሚለው ስም 666 እንደሚሆን ያስረዳሉ። በጥቂት ጥንታዊ ቅጂዎች 616 ተብሎ ተጽፎ ይገኛል፤ የመጨረሻው «ን» ሲወድቅ ስሙ የሚሰጠው ድምር ይኸው ነው። ሌሎች መምህራን ደግሞ ገና ወደፊት የሚነሣን ሰው ይጠብቃሉ። በየትኛውም ብንሄድ ቁጥሩ የሚያመለክተው ስግደት የሚፈልግን ገዥ ነው፤ ምልክቱም ከስግደት ጋር የታሰረ ነው (ራእይ 13፥15-17፤ 14፥9)። ማንም ሳያውቅ በወረፋ ላይ ተሰልፎ ጌታን አይክድም።

ደግሞ ምዕራፉን ስንገልጥ ቀጥሎ ምን እናገኛለን? በራእይ 14፥1 የበጉ ተከታዮች በግንባራቸው ላይ የበጉና የአባቱ ስም ተጽፎባቸዋል። እስራኤልም በዘዳግም 6፥8 የእግዚአብሔርን ቃል በእጃቸውና በግንባራቸው እንዲያኖሩ ታዘዋል። እጅና ግንባር ማለት ሥራና አሳብ ማለት ነው። ጥያቄው «ካርድህ ላይ ምን ተጽፏል?» ሳይሆን «አሳብህና ሥራህ የማን ነው?» የሚል ነው።

የፋይዳ ቁጥር 12 አኃዝ ነው። አሥራ ሁለት ስለሆነ የሐዋርያት ቁጥር ነው ብሎ እልል ያለ ሰው አልሰማሁም! በመጋቢት 2013 ዓ.ም የኮቪድ ክትባት በአገራችን ሲጀመርም ይኸው ወሬ በየቤቱ ገብቶ ነበር። መረጃችንን ማን ይይዘዋል፣ እንዴት ይጠበቃል ብሎ መጠየቅ የዜጋ መብት ነው፤ ጠይቁ። ነገር ግን የዮሐንስን ራእይ ለዚህ ማስፈራሪያ አናድርገው። እማማ፣ በሰላም ሄደው ይመዝገቡ፤ የልጅዎን ገንዘብ ወስደው የልጆቹን ክፍያ ይክፈሉ። ነፍስዎ የታተመችው በመንፈስ ቅዱስ ነው (ኤፌ. 1፥13)።

ወደ ቡራዩዋ እህቴ ልመለስ። ሰባት በእርግጥ በመጽሐፍ ቅዱስ የከበረ ቁጥር ነው። እግዚአብሔር ሥራውን ፈጽሞ በሰባተኛው ቀን ዐረፈ። በዕብራይስጥ «ሰባት» እና «መማል» የሚሉት ቃላት ከአንድ ሥር ናቸው፤ አብርሃም ለአቢሜሌክ ሰባት በጎች ለይቶ አቁሞ የማለበት ቦታ ቤርሳቤህ የተባለው ለዚህ ነው (ዘፍ. 21፥28-31)። ሰባት የእግዚአብሔርን ፍጻሜና ታማኝነት ያስታውሰናል።

ሆኖም 2ኛ ነገሥት 5ን ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። ንዕማን በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ተጠምቆ ነጻ። ገጸ በረከት ይዞ ሲመለስ ኤልሳዕ ምንም አልቀበልም አለ። ከኋላው ሮጦ ብርና ልብስ የተቀበለው ግያዝ ነው፤ የንዕማንም ለምጽ በእርሱ ላይ ተጣበቀ። ሰባት በኤልሳዕ እጅ በነጻ ነበር፤ ዋጋ የወጣለት በግያዝ እጅ ነው። ይህ ለእኛ ለአገልጋዮችና ለአገልጋይ ቤተሰቦች ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው። ሐና ልጅ ስትለምን ልቧን በእግዚአብሔር ፊት አፈሰሰች እንጂ የብር መጠን አልተተመነላትም። ስለዚህ የኪራዩን ገንዘብ ለአከራዩ ክፈሉ፤ ሁለታችሁም አብራችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ እኛም ከእናንተ ጋር እንጸልያለን።

በየአጥቢያችን ስለምናውጀው የ21 ቀን ጾምም አንድ ነገር ልጨምር፤ ጾሙ መልካም ነው። ዳንኤል ሦስት ሳምንት አዝኖ ጾሟል (ዳን. 10፥2-3)። ነገር ግን መልአኩ ሲመጣ ቃሉ የተሰማው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደሆነ ነገረው (ቁጥር 12)። ሃያ አንዱ ቀን መልእክተኛው የዘገየበት ጊዜ ነው እንጂ እግዚአብሔርን የምናስገድድበት ክፍያ አይደለም። የምንጾመው ስለተሰማን ነው።

ሰባትን በትክክል መጠቀም የምትፈልጉ ካላችሁ ደግሞ ጌታ የሰጠን ሰባት አለ። ጴጥሮስ ወንድሙን ሰባት ጊዜ ይቅር ማለት እንደሚበቃ ጠየቀ። ጌታ የመለሰለት ቁጥር «ሰባ ጊዜ ሰባት» ወይም «ሰባ ሰባት ጊዜ» ተብሎ ሊተረጎም ይችላል (ማቴ. 18፥22)። ይኸው አነጋገር በጥንቱ የግሪክ ብሉይ ኪዳን በዘፍጥረት 4፥24 በላሜሕ አፍ ይገኛል፤ ላሜሕ ግን የተናገረው ስለ በቀል ነው። ጌታ የበቀሉን ቁጥር ወስዶ የይቅርታ ቁጥር አደረገው! ቁጥሩን እንደ ቆጠራ የያዘ ሰው 490 ደርሶ በ491ኛው መበቀል ይችላል። እንደ ንግግር የሰማው ሰው ግን መዝገቡን ይዘጋል። ባለትዳሮች፣ ይህን ታውቁታላችሁ። ምሳሌያዊ ቁጥር ቀላል ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከቆጠራው ይልቅ ይከብዳል።

በመጨረሻ ወደ ሱሉልታው ወጣት ልምጣ። «ስምንተኛው ሺህ» የአገራችን አነጋገር ነው። አባቶቻችን በዘመን አቆጣጠር ትምህርታቸው ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5,500 ዓመት ይቆጥራሉ። በዚህ መሠረት 2000 ዓ.ም በዓመተ ዓለም 7,500 ነበር። እንግዲህ ልጄ፣ አንተ ጎበዝ ተማሪ ነህና አስላው፦ ሰባተኛው ሺህ የሞላው መቼ ነው? በ1500 ዓ.ም ነው፤ አፄ ልብነ ድንግል በነገሡበት ዘመን ገደማ። ስምንተኛው ሺህ ከገባ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚያ ሁሉ ዘመን ኢትዮጵያውያን አርሰዋል፣ ድረዋል፣ ጽፈዋል፣ ልጆቻቸውን አስተምረዋል። ያ ሁሉ ባይሆን አንተም ደብተር የምትጥልበት ትምህርት ቤት ባላገኘህ ነበር።

በአሜሪካም ዊልያም ሚለር የተባለ የባፕቲስት ሰባኪ በዳንኤል 8፥14 ያሉትን 2,300 ቀኖች እንደ ዓመት ቆጥሮ የጌታን መምጫ ዘመን አሰላ። ተከታዮቹ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 22 ቀን 1844ን ጠበቁ። አንዳንዶቹ ሰብላቸውን እንኳ አላጨዱም። ቀኑ አለፈ፤ ብዙዎች አለቀሱ። ችግሩ ጌታን መናፈቃቸው አልነበረም፤ ጌታ ለአብ ብቻ የተወውን ቀን በቁጥር ለመያዝ መሞከራቸው ነው (ማቴ. 24፥36)።

ሐዋርያው ጴጥሮስ በጌታ ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት፣ ሺህ ዓመትም እንደ አንድ ቀን መሆኑን ያሳሰበን (2ኛ ጴጥ. 3፥8-9) የሒሳብ ሠንጠረዥ እንድንሠራ አይደለም። ሰው ሁሉ ለንስሐ እንዲደርስ ጌታ እንደሚታገሥ ሊነግረን ነው። በተሰሎንቄም ሥራ የፈቱ ምእመናን ነበሩ፤ ጳውሎስ ሠርተው እንጀራቸውን እንዲበሉ አዘዛቸው (2ኛ ተሰ. 3፥10-12)። ጌታ ዛሬ ቢመጣ ስታጠና ቢያገኝህ ምን ክፋት አለው?

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ነገ አንድ ሰው የመጽሐፍ ቅዱስ ቁጥር ይዞ ወደ ቤታችሁ ቢመጣ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ቁጥሩ ያለበትን ምዕራፍ ከላይ እስከ ታች አንብበነዋል? ሁለተኛ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ይህን ቁጥር በሌላ ቦታ እንዴት ተጠቅሞበታል? ሦስተኛ፣ ትርጓሜው ወደ ክርስቶስ ያቀርበናል ወይስ ወደ ፍርሃት ወይም ወደ ሰው ኪስ ይወስደናል? ሦስቱን አልፎ የቆመውን በደስታ ተቀበሉ፤ ያላለፈውን በትሕትና መልሱ።

አንድ ቁጥር ግን ሁላችሁም ይዛችሁ እንድትሄዱ እፈልጋለሁ። በሉቃስ 15 መቶ በግ የነበረው ሰው አንዱ ሲጎድል ዘጠና ዘጠኙን ትቶ ወጣ። በእረኛው ሒሳብ አንድ ትንሽ ቁጥር አይደለም። ሰበታ ባለው ጉሊት፣ ቡራዩ ባለው የኪራይ ቤት፣ ሱሉልታ ባለው የተማሪ ጠረጴዛ አጠገብ ያለችውን አንዲቱን ነፍስ ያውቃታል። የራስ ጠጉራችሁ እንኳ በእርሱ ዘንድ የተቆጠረ ነውና (ማቴ. 10፥30) አትፍሩ።

እስከሚቀጥለው ወር ድረስ የጌታ ሰላም ከቤታችሁ አይራቅ። አሜን።