የግማሽ ሊትር ዘይት ዕዳ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት የሣር ማጨጃ ማሽኑ በሥራ ላይ ሳለ ስለተሰበረበት ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ «የፊዚክስ ሰው ይኑርበት» በሚል እኔንም በአባልነት ጠራኝ። የሞተሩ ቢዬላ ተቆርጦ የሞተሩን ግድግዳ በስቶ ወጥቷል። በጥፋተኝነት የቀረቡት ግቢውን ለረጅም ዘመን ሲያለሙ የኖሩ አንድ አዛውንት አትክልተኛ ሲሆኑ፣ የማሽኑ ዋጋ በየወሩ ከደመወዛቸው እንዲቆረጥ የሚል የውሳኔ ሐሳብም ማጣራቱ ሳይጀመር ተረቅቆ ነበር። «ጋሼ፣ ዘይቱ ለመጨረሻ ጊዜ የተቀየረው መቼ ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ዶክተር፣ ሲጎድል ከዕቃ ቤት ወስጄ እጨምራለሁ፤ ይቀየራል ያለኝ ሰው ግን የለም» ሲሉ መለሱልኝ።

ዕቃ ቤቱ ሲሰጣቸው የኖረው ለከባድ የጭነት መኪና የተገዛ 50 ቁጥር ዘይት ነበር። የማሽኑ መመሪያ መጽሐፍ ደግሞ ከነላስቲኩ፣ ሳይከፈት፣ በአንድ ኃላፊ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ተገኘ። በእኔ እምነት ትናንሽ ሞተሮቻችን ያለ ዕድሜያቸው የሚሞቱት አብዛኛውን ጊዜ በሠራተኛው ግድየለሽነት አይደለም። ዕውቀቱን ከእጁ አርቀን ኃላፊነቱን ብቻ በትከሻው ላይ ስለምንጭን ነው። የሚያስፈልገው ዕውቀት ደግሞ ከአንድ ገጽ አይበልጥም።

ነገሩን ከመሠረቱ እንመልከተው። እ.ኤ.አ. በ1883 ቢቻም ታወር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በባቡር ዘንግ ኩሽኔታ ላይ ሙከራ ሲያካሂድ፣ ዘይት እንዲገባበት በኩሽኔታው አናት ላይ የበሳው ቀዳዳ ዘይቱን መልሶ ይተፋበት ጀመር። በቡሽ ቢወትፈው ቡሹ ተገፍቶ ወጣ፤ በእንጨት ቢወትፈውም እንዲሁ ሆነ። የግፊት መለኪያ ሲገጥምበት በዘይቱ ውስጥ ያለው ግፊት ከጭነቱ አማካይ ግፊት እጅግ የላቀ መሆኑን አየ። ኦዝቦርን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1886 ምሥጢሩን በሒሳብ አብራራው። የሚሽከረከረው ዘንግ ዘይቱን እየጎተተ ወደ ጠባቡ ክፍተት ያስገባዋል፤ በዚያ የሚፈጠረው ግፊትም ዘንጉን ወደ ላይ ያነሣዋል። ስለሆነም በደኅና ጊዜ ብረት ብረትን አይነካም፤ ውፍረቱ ከጥቂት ሺኛ ሚሊ ሜትር በማይበልጥ የዘይት ንጣፍ ላይ ይንሳፈፋል። ይህን ንጣፍ የሚያቆመው ዘይቱ ለመፍሰስ የሚያሳየው እምቢታ ነው፤ እርሱንም ዝልግልግነት ወይም ቪስኮሲቲ እንለዋለን።

«ታዲያ ወፍራም ዘይት ሁልጊዜ ይሻላል ማለት ነው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በጋራዥ የሚነገረው «ወፍራም ዘይት ሞተር ይጠብቃል» የሚለው ብሂል ለአረጀና ለላላ ሞተር ጥቂት እውነት አለው። ይሁን እንጂ በአብዛኞቹ አነስተኛ የሣር ማጨጃ ሞተሮች ውስጥ የዘይት ፓምፕ የለም። ከሞተሩ ጋር የሚንቀሳቀስ ማንኪያ መሰል ምላስ ወይም መርጫ ጥርስ ከሥር የተጠራቀመውን ዘይት እየመታ ወደ ላይ ይረጨዋል እንጂ። በታኅሣሥ ማለዳ፣ የአዲስ አበባ አየር ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ፣ 50 ቁጥር ዘይት በቀላሉ አይረጭም፤ ሞተሩ ሲነሣም የላይኛው ክፍል ያለ በቂ ዘይት ይዞራል።

በቆርቆሮው ላይ ያሉት ቁጥሮች ይህንኑ ይናገራሉ። 30 ቁጥር ዘይት በ40 ዲግሪ ላይ ዝልግልግነቱ ወደ 100 ሚሊ ሜትር ካሬ በሰከንድ ሲሆን፣ በ100 ዲግሪ ላይ ወደ 11 ገደማ ይወርዳል። 10ደብሊው-30 የተባለው ደግሞ ሲቀዘቅዝ እንደ ቀጭን፣ ሲሞቅ እንደ 30 ቁጥር እንዲሆን ተደርጎ የተቀመመ ነው። «ደብሊው» የምትለዋ ፊደል የፈረንጆቹን ቀዝቃዛ ክረምት እንጂ የእኛን የዝናብ ወራት አታመለክትም። እንደ አዲስ አበባ ማለዳው ለሚቀዘቅዝና ቀትሩ ለብ ለሚል ደጋ 10ደብሊው-30 ተስማሚ ነው። እንደ ጋምቤላና አፋር ላለ ሞቃት ቆላ ግን ነጠላው 30 ቁጥር ይመረጣል፤ ብሪግስ ኤንድ ስትራተን የተባለው የሞተር አምራች በመመሪያዎቹ እንደሚያሳስበው፣ ከ27 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት 10ደብሊው-30 የዘይት ፍጆታን ይጨምራል። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን ሞተሩ ባለ ሁለት ምት ወይስ ባለ አራት ምት መሆኑን ማወቅ ያሻል። በትከሻ የሚንጠለጠሉት ብዙዎቹ ማጨጃዎች ባለ ሁለት ምት ናቸው፤ ዘይታቸው ከቤንዚኑ ጋር ይቀላቀላል። ይህን ማሳሳት ሞተሩን በአንድ ቀን ሊገድለው ይችላል።

ስለ ፊልትሮ ደግሞ ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ። እየተገፉ የሚሠሩት አብዛኞቹ የሣር ማጨጃዎች የዘይት ፊልትሮ ጨርሶ የላቸውም። የሚፋቀው ብረትና የሚገባው አቧራ እዚያው ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ፊልትሮው ራሱ ዘይቱን በጊዜው የሚቀይረው የሰው እጅ ነው። ዘይቱ መጥቆሩ ብቻውን የመበላሸቱ ምልክት አይደለም፤ ጥቀርሻውን ተሸክሞ ሥራውን እየሠራ ስለሆነም ይጠቁራል። የሚቆጠረው ሰዓት ነው። በብዙ መመሪያዎች አዲስ ሞተር ከመጀመሪያዎቹ 5 ሰዓታት በኋላ፣ ከዚያም በየ50 ሰዓቱ ወይም ቢያንስ በዓመት አንዴ ዘይቱ ይቀየርለታል። በቀን 4 ሰዓት የሚሠራ ማሽን 50 ሰዓቱን በ13 የሥራ ቀናት ይጨርሳል! «በዓመት አንዴ» የሚለው ለባለ አነስተኛ ግቢ ሰው እንጂ ለእኛ መሥሪያ ቤቶች አልተጻፈም።

ተቀምጠው የሚነዷቸው ትልልቅ ማጨጃዎች በአብዛኛው የዘይት ፊልትሮ አላቸው። ጥርሱ ስለገጠመ ብቻ ማንኛውንም ፊልትሮ ማሰር አይገባም፤ በውስጡ ያለው ማለፊያ ቫልቭ የሚከፈትበት ግፊት ሊለያይ ይችላልና። የአየር ፊልትሮ ግን በሁሉም ላይ አለ፤ በበጋ አቧራችንም ዋናው ጠባቂ እርሱ ነው። አቧራ የያዘው የአሸዋ ብናኝ ከብዙ ብረቶች ይጠነክራል፤ መጠኑም ከዘይቱ ንጣፍ ውፍረት ጋር ሲቀራረብ ሁለቱን ገጾች እንደ ሞረድ ይፍቃቸዋል። የስፖንጁ ፊልትሮ በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ጥቂት ዘይት ተቀብቶ ይጨመቃል። የወረቀቱ ግን አይታጠብም፤ በኮምፕሬሰር አየርም አይነፋም፤ ይቀየራል።

በዚህ ላይ የመልክዓ ምድራችን ነገር ይጨመራል። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለል አንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ሳይቃጠል የቀረው ቤንዚንም በፒስተኑ ዙሪያ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል። ስለዚህ የመለኪያው ዘንግ ላይ ዘይቱ ከፍ ብሎ ቢታይና ቤንዚን ቤንዚን ቢሸት «ሞልቷል» ብሎ መደሰት ሳይሆን መቀየር ይገባል። ሲቀየርም ሞተሩ ለብ ብሎ፣ የካንዴላው ገመድ ተነቅሎ ይሁን። የተቃጠለው ዘይት በጄሪካን ይጠራቀም እንጂ ወደ ቦይ አይደፋ፤ የታችኛው ሰፈር ሰው በዚያ ውሃ ጎመን ያጠጣበታልና።

«በጀት የለም» የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። ነገር ግን ለአንድ ቅያሪ የሚያስፈልገው ዘይት ግማሽ ሊትር ገደማ ነው። ማሽን ለመግዛት በጀት ያገኘ መሥሪያ ቤት ለግማሽ ሊትር ዘይት አጣሁ ቢል ማን ያምነዋል? የጎደለው ከብር ይልቅ አሳቢ ነው። በዚህ ራሴንም ነፃ አላወጣም። ያ ማሽን ከመሰበሩ በፊት በዚያ ግቢ በኩል ሳልፍ ሲንኳኳ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። በዚያው ሰሞን ለተማሪዎቼ በግሊሰሪን ውስጥ የብረት ጥይት እየጣልኩ ዝልግልግነትን አስለካ ነበር። ከቤተ ሙከራው ወጥቼ አትክልተኛውን «ጋሼ፣ ምን ዘይት ነው የሚጨምሩት?» ለማለት ግን አልቆምኩም።

ኮሚቴው ያገኘውን በሁለት ገጽ ጽፎ አቀረበ፤ የደመወዝ ቅጣቱም ቀረ። አዲስ ማሽን ሲመጣ ከመመሪያው አንዲት ገጽ ወደ አማርኛ መልሰን በመሣሪያ ቤቱ በር ላይ ለጠፍን፤ አንድ የሰዓት መመዝገቢያ ደብተርም በሚስማር ላይ አንጠለጠልን። አሁን ጋሼ ሃምሳ ሰዓት ሲሞላ ከገጹ ግርጌ በቀይ እስክሪብቶ ያሰምሩና ጄሪካናቸውን ይዘው ዕቃ ቤት ይሄዳሉ፤ ዕቃ ቤቱም የሚሰጣቸው 10ደብሊው-30 ነው። የፋኩልቲያችን ተማሪዎች በየዓመቱ ከሚጽፏቸው የመመረቂያ ጽሑፎች ጎን ለጎን እያንዳንዳቸው አንዲት የመመሪያ ገጽ ለአንድ ሠራተኛ በሚገባው አማርኛ ቢጽፉ፣ ሳይንስ ከቤተ ሙከራችን እስከ መሣሪያ ቤቱ በር ድረስ ያለችውን አጭር መንገድ ትሻገር ነበር።